ሆድ፣ መርዶና አስተርጓሚ፦ የቤተ እስራኤል ፍልሰት በሥነ ልቦና ድጋፍ ታሪክ ውስጥ

ከመጀመሬ በፊት አንድ ማሳሰቢያ፦ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ የእኛ መሆናቸውን ካልገለጽሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።

ወደ ታሪኩ የምገባው የራሴን ጥፋት በመናገር ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በእስራኤል አገር ተማሪ ሳለሁ፣ ዕብራይስጥም አማርኛም እንደማውቅ ስለ ተሰማ በአንድ ክሊኒክ አልፎ አልፎ እንዳስተረጉም ተጠየቅሁ። ሥልጠና አልተሰጠኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። አንድ ቀን ከጎንደር ገጠር የመጡ፣ ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው እናት ገቡ። ሐኪሙ ምን እንደሚያማቸው ጠየቀ። እርሳቸውም ዐይናቸውን ወደ መሬት እንደ ሰበሩ፣ «ሆዴ ነው ልጄ፤ ከመንገዱ ወዲህ ሆዴ አልዳነም» አሉ። እኔ «ሆዳቸውን ያማቸዋል» ብዬ አስተረጎምሁ። ሐኪሙ ስለ ምግባቸው ጠየቀ፤ የሰገራና የደም ምርመራ አዘዘ፤ መድኃኒት ጻፈ። በሌላው ሳምንት ተመልሰው መጡ፤ ያው ቃል፣ ያው ትርጉም። በሦስተኛው ጊዜ ከክፍሉ ስንወጣ በሩ ላይ ቆም አሉና፣ «አንተ ልጅ፣ አማርኛ ታውቃለህ አይደል?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ደጅ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን የነገሩኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሁለት ልጆቻቸውን ሱዳን ቀብረዋል። በወጉ ሳያለቅሱላቸው በሌሊት ተጠርተው ነበር አውሮፕላን የተሳፈሩት።

«ሆድ» የሚለውን ቃል የማያውቅ የአማርኛ ተናጋሪ የለም። እኔም አውቀዋለሁ። ሆኖም በዚያ ነጭ ክፍል ውስጥ፣ ነጭ ካፖርት በለበሰ ሰው ፊት፣ የገዛ ቋንቋዬን እንደ ባዕድ ሰማሁት።

ጥፋቱ የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወደዚህ መድረክ ባላመጣሁት ነበር። በኋላ የዘመኑን ጽሑፎች ሳነብ ግን በዚያች ክፍል የሆነው ነገር በሌሎች ብዙ ክፍሎችም ሲሆን እንደ ነበር ተረዳሁ። ዛሬ ላሳያችሁ የምሞክረው አንድ ነገር ነው። ወደ አዲስ አገር ለገባ ሰው የሚሰጠው የሥነ ልቦና ድጋፍ ፍሬ ማፍራት የጀመረው፣ የመጣው ሕዝብ ሐዘኑን የሚገልጽበትና የሚያስታግስበት የራሱ ሥርዓት እንዳለው ተቀባዮቹ ሲያውቁ ነው።

መጤው ለምን ይታመማል የሚለው ጥያቄ ረጅም ዕድሜ አለው። በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የተባለ ወጣት የሕክምና ተማሪ በባዝል ከተማ ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ ከአገራቸው ርቀው የሚኖሩ ስዊሶችን የሚያጠቃ አንድ ሕመም ገለጸ። «መመለስ» እና «ሥቃይ» የሚሉትን የግሪክ ቃላት አጣምሮም «ኖስታልጂያ» ብሎ ሰየመው። ለሆፈር ናፍቆት ሊገድል የሚችል በሽታ ነበር፤ ፍቱን መድኃኒቱም ወደ አገር መመለስ ነው። መመለስ ለማይቻለው፣ ወይም መመለስ ለማይፈልገው ሰው ግን ይህ መድኃኒት አይሆነውም።

በ1932 ደግሞ ኖርዌያዊው የአእምሮ ሐኪም ኦርኑልፍ ኦዴጎርድ፣ በአሜሪካ የሚኒሶታ ግዛት የሚኖሩ የአገሩን ተወላጆች የሆስፒታል መዛግብት መርምሮ፣ በከባድ የአእምሮ ሕመም ወደ ሆስፒታል የሚገቡት ስደተኞች መጠን በአገራቸው ከቀሩት ወገኖቻቸው የበለጠ መሆኑን አሳየ። የሰጠው ማብራሪያ ወደ ስደተኛው ያዘነበለ ነው፤ ቀድሞውንም ለሕመም የተጋለጠ ሰው ለስደት ይነሣል የሚል ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች ግን ዐይናቸውን ወደ መንገዱና ወደ ተቀባዩ አገር መለሱ፤ ሰውዬው በመንገድ ምን ደረሰበት፣ ሲደርስስ እንዴት ተቀበሉት ብለው ጠየቁ። ሁለቱ ማብራሪያዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

እስራኤል ይህ ክርክር በተግባር የተፈተነባት አገር ናት። ከ1948 ምሥረታዋ ጀምሮ ከናዚ ጭፍጨፋ የተረፉ ብዙ ሰዎችን ተቀብላለች። የእነርሱም ታሪክ ለዓመታት ብዙ ጆሮ ሳያገኝ ቆይቶ፣ በ1961 በተካሄደው የአይክማን የፍርድ ሂደት ምስክሮች በአደባባይ ሲናገሩ ነበር የአገሪቱን ሕዝብ ጆሮ ያገኘው። ስለዚህ ቤተ እስራኤል ሲደርሱ አገሪቱ ስለ ስደተኛ ሥቃይ አላዋቂ አልነበረችም። የምታውቀው ግን በሌላ ቋንቋ የሚናገር ሥቃይ ነበር።

አሁን ወደ መንገዱ ልመለስ። ቤተ እስራኤል በጎንደርና በትግራይ ገጠሮች በእርሻ፣ በአንጥረኝነት፣ በሸክላና በሽመና የኖሩ ሰዎች ናቸው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ ይልቁንም በ1984 በብዛት፣ ኢየሩሳሌም እንገባለን ብለው በእግራቸው ወደ ሱዳን ተሻገሩ። ሌሊት ተጓዙ፤ ቀን ተደበቁ፤ በሽፍታ ተዘረፉ። በገዳሪፍ አካባቢ በነበሩት መጠለያዎች፣ በተለይም በኡም ራኩባ፣ አይሁድነታቸውን ሸሽገው ወራት አንዳንዴም ዓመታት ጠበቁ። በመንገድና በመጠለያ የሞቱት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 5 ቀን 1985 በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ ከ6,000 የሚበልጡት በአውሮፕላን ተወሰዱ። ወሬው በዜና ማሰራጫዎች ሲወጣ ዘመቻው ባጭሩ ተቋረጠ። ቤተሰብ ለሁለት ተከፈለ። ወላጆቻቸው ኢትዮጵያ የቀሩባቸው ልጆች፣ እናታቸው በሕይወት ትኑር አትኑር ሳያውቁ በአዳሪ ትምህርት ቤት አደጉ። ብዙዎቹ ቤተሰባቸውን ያገኙት በግንቦት 1991፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓታት ያህል ጊዜ ውስጥ በተወሰዱበት ወቅት ነው።

በአቀባበሉ ብዙ መልካም ነገር ነበረ፤ ይህን መካድ ታሪክን ማጉደል ነው። መኖሪያ፣ ምግብ፣ ሕክምና፣ የቋንቋ ትምህርት ተሰጥቷል። ነገር ግን በመቀበያ ማዕከላት ከተደረጉት የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ ብዙ ሰዎችን በዕብራይስጥ ስም መሰየም ነበር። በእኛ ልማድ ስም ምርቃት ነው፤ ታሪክም ነው። ልጅ በተወለደበት ወቅት ቤተሰቡ የነበረበትን ሁኔታ ይናገራል። የአባትና የአያት ስም በአውሮፓ ሥርዓት የቤተሰብ ስም እንዲሆን ሲመዘገብም፣ ወንድማማቾች ሳይቀሩ በልዩ ልዩ ስም የተጠሩበት አጋጣሚ ነበር። ከዚህ የከበደው ሌላ ጉዳይ ነው። ኢየሩሳሌም እንገባለን ብለው ልጆቻቸውን በመንገድ የቀበሩ ሰዎች፣ ከደረሱ በኋላ አይሁድነታቸው ተጠራጥሮ የመንጻት ጥምቀት እንዲፈጽሙ የአገሪቱ ከፍተኛ የሃይማኖት ባለ ሥልጣን ጠየቃቸው። በ1985 መጸው በኢየሩሳሌም አንድ ወር ያህል በአደባባይ ተቀምጠው ተቃወሙ። አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ በዚያ ወቅት ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው ሐዘን ከዚህ ጥያቄ ነጥሎ ሊያክም አይችልም ነበር። ቁስሉ መንገድ ላይ ተጀመረ፤ በደጃፉ ላይ ግን አመረቀዘ።

አሁን ወደ ሆድ ልመለስ። በአማርኛ ሆድ የምግብ ማደሪያ ብቻ እንዳልሆነ ለእናንተ መንገር አያሻኝም። ያዘነ ሰው ሆዱ ይባባል፤ የተቀየመ ሆድ ይብሰዋል። ታጋሽ ሰው ሆደ ሰፊ ነው፤ ቶሎ የሚያለቅሰው ሆደ ባሻ ነው። የተጣሉ ወዳጆች ሆድና ጀርባ ይሆናሉ። ለሚያምኑት ሰው የሆድን ያጫውታሉ፤ ለማያምኑት ግን ሆድ ይፍጀው ይባላል። እንግዲህ ሆድ የሐዘን፣ የምስጢርና የትዕግሥት ማኅደር ነው። በእስራኤል ክሊኒኮች የሆድ፣ የልብና የራስ ሕመም እያሉ የሚመላለሱ፣ ምርመራቸው ግን ምንም የማያሳይ ብዙ ሰዎች መኖራቸውን ሐኪሞች በመዝገባቸው ጻፉ። አንዳንዶቹ ሰዎቹ ስሜታቸውን በቃል መግለጽ አይችሉም ብለው ደመደሙ። ሰዎቹ ግን ስሜታቸውን በጠራ ቋንቋ እየገለጹ ነበር።

ይህን ቀድመው ከተረዱት አንዱ፣ በሱዳን በኩል ከመጡ ወጣቶች ጋር ለዓመታት የሠራው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋዲ ቤንዔዜር ነው። በ1990 ባሳተመው ጽሑፍ መብል የተዘጋባትን አንዲት ልጅ ጉዳይ አንሥቶ፣ በምዕራቡ ዓለም ያለ ሐኪም በቀላሉ የምግብ ጥላቻ በሽታ ሊለው የሚችለው ነገር፣ በእርሷ ባህል ሆድ በመከራ ሲሞላ ለመብል ቦታ ያጣል ከሚል አስተሳሰብ ጋር የተያያዘ ሊሆን እንደሚችል አመለከተ። በ2002 ባወጣው መጽሐፍ ደግሞ የወጣቶቹን የመንገድ ትረካ ሰብስቦ በሦስት ዐበይት ጉዳዮች ዙሪያ አገኘው፦ አይሁዳዊ ማንነት፣ ሥቃይ፣ እና ጀግንነት። ሦስተኛውን ልብ በሉ። በአገሪቱ ጋዜጦች የተነገረው ታሪክ አውሮፕላን ልኮ ወገንን ያዳነ መንግሥት ታሪክ ነበር። ወጣቶቹ የሚተርኩት ግን በገዛ እግራቸው ተነሥተው በረሃ ያቋረጡ፣ ታናናሾቻቸውን አዝለው ያሻገሩ ሰዎችን ታሪክ ነው። ራሱን ጀግና አድርጎ የሚያውቅን ሰው ሁልጊዜ «ተረጂ» ብሎ መጥራት ድጋፍ አይደለም፤ የያዘውን ብርታት ከእጁ መንጠቅ ነው።

«እሺ» የሚለው ቃልም እንዲሁ የራሱ ታሪክ አለው። ታላቅ ሰው ሲናገር ዐይን ዝቅ አድርጎ «እሺ» ማለት በእኛ ዘንድ ሰማሁ፣ አከበርሁ ማለት ነው። በመቀበያ ማዕከላት የነበሩ ሠራተኞች ግን ስምምነት አድርገው ወሰዱት። «እሺ» ያለው ሰው በቀጠሮው ሳይመጣ ሲቀር ዋሾ ወይም ቸልተኛ ተባለ። ዝምታውም ድብርት ተባለ።

የዛር ጉዳይ ከዚህ ጋር ይሄዳል። በ1997 ኒምሮድ ግሪሳሩና የሥራ ባልደረቦቹ ወደ እስራኤል በገቡ ኢትዮጵያውያን ላይ የሚታየውን የዛር ልክፍት አስመልክተው ያወጡት ጥናት፣ በርእሱ ሳይቀር ይህ የአእምሮ በሽታ ነው ወይስ በባህል የሚታወቅ የጭንቀት መገለጫ ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ዛር ያለባት ሴት የምትናገረው በሌላ ድምፅ ነው፤ በራሷ ድምፅ ልትጠይቅ የማትደፍረውንም በዛሩ አንደበት ትጠይቃለች። ይህን የማያውቅ ሐኪም ጽኑ እብደት ነው ብሎ ያስተኛታል። ሁሉን ባህል ነው የሚል ሐኪም ደግሞ በእርግጥ የታመመችውን ያለ መድኃኒት ይመልሳታል። ሁለቱም ስሕተት ነው፤ መፍትሔው ቤተሰቧን ጠይቆ፣ ጊዜ ወስዶ መለየት ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ያስተማረኝ ግን የመርዶ ሥርዓት ነው። በአገራችን የሞት ወሬ ለባለቤቱ እንደ ደረሰ አይጣልም። ዘመድና ጎረቤት ቀድሞ ይሰማል፤ ይመካከራል፤ ማለዳ ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስቦ ይሄዳል፤ ሽማግሌ ይናገራል። ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ ቀድሞ ከጎኑ ቆሟል። በዘመናዊ ቋንቋ እንናገር ከተባለ፣ ይህ ለድንገተኛ ሐዘን የተዘጋጀ የድጋፍ ሥርዓት ነው። በእስራኤል ይህ ሥርዓት ተናጋ። ሞት በስልክና በደብዳቤ መጣ። ዘመዶች እንደ ወጉ ተሰብስበው እስኪያረዱ ድረስ ወሬውን ለወራት ሲሰውሩ፣ ነገሩ ለሠራተኞቹ እውነትን መካድ መሰለ። ሐኪሞችም የአገሩ ደንብ እንደሚያዝዘው ከባድ የምርመራ ውጤትን ለብቻው ለተቀመጠ በሽተኛ ፊት ለፊት ተናገሩ። በአዲስ አበባ ቤተ እስራኤልን ያከመው አሜሪካዊ ሐኪም ሪክ ሆድስ በ1997 ለውጭ አገር ሐኪሞች በጻፈው ጽሑፍ፣ ለኢትዮጵያዊ ሕመምተኛ ክፉ ወሬ በቅርብ ዘመድ ወይም ወዳጅ በኩል እንዲደርሰው መክሯል። ምክሩ ለአንዳንዶች የሕመምተኛን መብት የሚነካ መስሎ ታየ። ነገር ግን ጥያቄው ይነገረው ወይስ አይነገረው የሚል ሳይሆን፣ ሲነገረው ከጎኑ ማን ይቁም የሚል ነበር።

በጥር 1996 አንድ ጋዜጣ አስደንጋጭ ነገር አወጣ። ኢትዮጵያውያን የለገሱት ደም፣ በኤች አይ ቪ ፍርሃት ምክንያት፣ ለጋሾቹ ሳይነገራቸው ሲደፋ ኖሯል። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ተሰልፈው ጮኹ። ደም መለገስ ለብዙ ወጣቶች፣ በተለይም ለወታደሮች፣ የዚህ አገር ሰው ነኝ ማለት ነበር። የሥነ ልቦና ድጋፍ በእምነት ላይ ይቆማል፤ ደሙን በስውር ለደፋበት ተቋም የሆዱን የሚያጫውት ሰው አይገኝም። እዚህ ላይ ለተማሪዎች አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ባህል ሁሉን አያስረዳም። ድህነትን፣ የቆዳ ቀለም አድልዎን፣ የቤትና የሥራ እጦትን «የባህል ልዩነት» ብሎ መሸፈን፣ የኦዴጎርድን ጣት መልሶ ወደ መጤው ማዞር ነው።

ለውጡ የመጣው በ1990ዎቹ ማብቂያ ግድም፣ ኢትዮጵያ የተወለዱና በሙያው የሠለጠኑ አገናኞች በክሊኒኮች መመደብ ሲጀምሩ ነው። ከእነዚህ መርሐ ግብሮች አንዱ «ረፉአ ሽሌማ» ይባላል፤ ሙሉ ፈውስ ማለት ነው። ቀደም ሲል ያስተረጉሙ የነበሩት እንደ እኔ ያሉ ያልሠለጠኑ ሰዎች ወይም የበሽተኛው ልጆች ነበሩ። የዐሥር ዓመት ልጅ የእናቱን የማኅፀን ሕመም ለሐኪም ሲያስተረጉም አስቡት። እናት ትሸሽጋለች፤ ልጅ ይሳቀቃል፤ አባት በልጁ አፍ ሲናገር በቤቱ ያለው ክብር ይጎድላል። አገናኙ ግን ቃል ከማሻገር አልፎ ሐኪሙን ያስተምራል፦ «ይህ እሺታ ስምምነት አይደለም፤ እንደገና ይጠይቁ»፤ «ይህች ሴት ሆዴ ስትል ስለ ምግብ አይደለም» ይላል። ሕመምተኛውንም ያስተምራል፤ መድኃኒቱ ለምን ለወራት እንደሚወሰድ ያስረዳዋል። በቤተሰብ ጠብም ሽማግሌዎች ከማኅበራዊ ሠራተኞች ጋር የተቀመጡበት ልማድ ተጀመረ።

ከክሊኒክ ውጭ የተደረገውም ድጋፍ ነው። በሱዳን መንገድ ላይ ለቀሩት በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ በየዓመቱም በመንግሥት ሥርዓት ይታሰባሉ። በ2008 የአገሪቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ቤተ እስራኤል በተራራ ላይ ጾመው የሚያከብሩትን ስግድ ብሔራዊ በዓል አድርጎ ደንግጓል። መታሰቢያ አድልዎን አያስቀርም፤ ሰልፎቹም ከዚያ ወዲህ አልቆሙም። ቢሆንም ያልተለቀሰለት ሙት በአደባባይ ሲለቀስለት፣ ለዓመታት በሆድ የተያዘው ነገር መውጫ ያገኛል።

ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ጉዳይ ሊመስለን አይገባም። ከኅዳር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል፤ ከዚያም ወዲህ ብዙዎች ተከትለዋል። ከመካከላቸው የገዛ አገራቸው እንደ ባዕድ አገር የሆነባቸው አሉ። እኛም «ተመላሽ» ብለን በአንድ ስም እንጠራቸዋለን፤ ምን እንደ ደረሰባቸው ሳንጠይቅም ምን እንደሚያስፈልጋቸው እንወስናለን። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ነገ በክሊኒክ፣ በፍርድ ቤት ወይም በመጠለያ ጣቢያ የምታስተረጉሙ ትኖራላችሁ። ከአፋን ኦሮሞ፣ ከትግርኛ፣ ከዐረብኛም ታስተረጉማላችሁ፤ በእነዚህ ቋንቋዎች ሐዘን የት እንደሚያድር አስቀድማችሁ ጠይቁ። የቋንቋና የታሪክ ክፍለ ትምህርቶቻችንም ለዚህ ሥራ ሥልጠና ሊያዘጋጁ ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬ ይህን ንግግር ለማድረግ የተስማማሁትም ይህን ጥያቄ በይፋ ለማቅረብ ነው።

እኒያን እናት ከዚያች ቀን በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አግኝቻቸዋለሁ። ተመልሰን ወደ ሐኪሙ እንግባና ልንገረው ብላቸው፣ «አሁንማ ለአንተ ነገርሁህ» አሉኝ። ገብቼ መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርሁም። ዛሬ ዕድሉ ቢሰጠኝ ለሐኪሙ የምለው አጭር ነው፦ «እኒህ እናት ስለ ሆዳቸው የሚሉት ከሐዘናቸው ነው፤ እባክዎ ሰዓትዎን ሳያዩ መንገዱን ይጠይቋቸው።»